ፕሮቤሽን ላይ ሆኖ ስቴት መቀየር፦ ለሦስት አንባቢዎች መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ አንድ ላይ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም የሦስቱም ጭንቀት አንድ ነው። አንዱ ስቴት ላይ ፕሮቤሽን (ሳይታሰሩ በክትትል ሥር መቆየት) የተፈረደበት ሰው ሌላው ስቴት ሄዶ መኖር ወይ መሥራት፣ ወይ ጭራሽ ከሀገር መውጣት ሲፈልግ ማንን ነው የሚጠይቀው? ሰው ሳይጠይቅ ሄዶ ሲታሰር ስላየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የ29 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከአንድ ልጅ ጋር ተጣልተን ተደባደብን፣ ፖሊስ መጣ፣ ሰከንድ ዲግሪ አሶልት ተባለ። ጠበቃዬ ተደራድሮልኝ ሳልታሰር 18 ወር ፕሮቤሽን ሆነልኝ፣ አምስት ወሩን ጨርሻለሁ፣ አንድም ቀን ሪፖርት ሳላደርግ ቀርቼ አላውቅም። እህቴ ዳላስ ናት፣ ዌርሃውስ ሥራ አግኝታልኝ ቶሎ ና እያለችኝ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሩምሜቴ ሊወጣ ስለሆነ ኪራዩን ብቻዬን አልችለውም። ለፕሮቤሽን ኦፊሰሬ ስነግራት የሚሞላ ወረቀት አለ ጠብቅ አለችኝ፣ ይኸው ወር ሊሞላው ነው ምንም የለም። ጓደኞቼ ዝም ብለህ ሂድ፣ በስልክ ሪፖርት እያደረግክ ማን ያውቅብሃል ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትሄድ። ሌላውን ሁሉ ባታነበው እንኳ ይቺን ያዝልኝ። ያንተ ኬዝ እኮ በሕጋዊው መንገድ ዳላስ ሊያደርስህ የሚችል ኬዝ ነው፣ ጓደኞችህ የሚመክሩህ ያንን ዕድል በገዛ እጅህ እንድታበላሸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቤሽንህ የሜሪላንድ ነው፣ የፈረደብህ ፍርድ ቤት የትም ብትሄድ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሥልጣኑ አንተ ላይ ነው። ግን የሜሪላንድ ኦፊሰር ዳላስ ድረስ ሄዳ በርህን ልታንኳኳ ስለማትችል ስቴቶቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል፣ ስምምነቱ ኢንተርስቴት ኮምፓክት ይባላል። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1937 የመጣ ነው፣ አሁን የሚሠራበት አዲሱ ደግሞ 2002 ላይ ነው ሥራ የጀመረው፣ 50ዎቹም ስቴቶች አሉበት፣ ዲሲም ፖርቶ ሪኮም አሉበት፣ ስለዚህ እዚያ ስቴት አይጠይቁም የሚባለው ወሬ የትኛውም ስቴት ላይ አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኦፊሰሬ እሺ ካለችኝ አለቀ ብሎ ነው። አላለቀም። ሜሪላንድ መላክ አለባት፣ ቴክሳስ ደግሞ መቀበል አለባት፣ አንዷ ብቻዋን እሺ ብትል ትራንስፈር የለም። አንተ ራስህ ቴክሳስ ደውለህ ማመልከት አትችልም፣ ፋይሉን አዘጋጅታ በሜሪላንድ ኮምፓክት ቢሮ በኩል የምታስልከው ኦፊሰርህ ናት። መላክ አለመላክ የሜሪላንድ ውሳኔ ነው፣ ግን አንዴ ከተላከና መስፈርቱን ካሟላህ ቴክሳስ የመቀበል ግዴታ አለባት።

መስፈርቱስ ምንድነው? ከ90 ቀን በላይ ፕሮቤሽን ሊቀርህ ይገባል፣ አንተ 13 ወር አለህ። እስካሁን ግዴታህን እያከበርክ መሆን አለበት፣ እሱንም ነግረኸኛል። የዚያ ስቴት ነዋሪ ስላልሆንክ ደግሞ እዚያ ቢያንስ 180 ቀን የኖረ፣ ልርዳው ብሎ ፈቃደኛ የሆነ የቅርብ ዘመድ ያስፈልግሃል፣ ሥራ ማግኘት የምትችል ወይ መተዳደሪያ ያለህ መሆንህም ይታያል። እህትህ ትቆጠራለች። እናትና አባት፣ አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ ባል ወይ ሚስት፣ አዋቂ የሆነ ልጅ፣ እንጀራ አባትና እንጀራ እናትም ይቆጠራሉ። ያክስት ልጅና ያጎት ልጅ ግን የሉበትም፣ አብሮ አደግማ ጭራሽ። ስለዚህ ሌላ አንባቢ ይህን እያየ ከሆነ ያክስቱን ልጅ ወንድሜ ነው ብሎ እንዳያስሞላ፣ ይጣራል፣ ሲጣራ ደግሞ ለኦፊሰር የተነገረ ውሸት ሆኖ ፋይሉ ላይ ይቀመጣል። የቅርብ ዘመድ የሌለው ሰው መጠየቅ አይከለከልም፣ ምክንያቱን አስረድቶ ሊጠየቅለት ይችላል፣ ግን ያኛው ስቴት እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ የሚባል ወንጀል) ሁሉ ኮምፓክቱ ውስጥ አይገባም። የተፈረደው ክትትል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ በዚያ ላይ ሰው የተጎዳበት ወይ ጉዳት የተዛተበት፣ የጦር መሣሪያ ያለበት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወይ ከዚያ በላይ ጠጥቶ መንዳት፣ ወይም ምዝገባ የሚጠይቅ የወሲብ ወንጀል መሆን አለበት። ያንተ ድብድብ ከነ18 ወሩ ይገባል። የስድስት ወር ፕሮቤሽን ያለበት ሰው ግን በዚህ በር አይገባም፣ የእሱን ጉዳይ የሚወስኑት የራሱ ፍርድ ቤትና ኦፊሰሩ ናቸው፣ ያም ቢሆን ፈቃዱን በጽሑፍ ነው መያዝ ያለበት።

አሁን ወደ ወር ሙሉ ጠበቅኩ ወዳልከው ልምጣ። ቴክሳስ አጣርታ ለመመለስ 45 ቀን አላት፣ 45ቱ የሚቆጠረው ግን ጥያቄው ከደረሳት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ አንተ ለኦፊሰርህ ከነገርክበት ቀን አይደለም። እሷ ገና ካልላከችው ወሩ በከንቱ ነው ያለፈው። ስለዚህ ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ጻፍላት፣ በጨዋ ቋንቋ፦ የኢንተርስቴት ኮምፓክት ትራንስፈር ጥያቄዬ ተልኳል ወይ፣ ካልተላከስ ከእኔ የጎደለ ወረቀት ምንድነው በላት። በቃል ያለቀ ነገር ነገ አላልኩም ሊባል ይችላል፣ ኢሜይል ግን ይቀመጣል። በሳምንት ውስጥ መልስ ካጣህ ለጠበቃህ ንገረው፣ እሱ ሲደውል ነገሩ ቶሎ ይንቀሳቀሳል።

እህትህን ደግሞ አሁኑኑ አዘጋጃት፣ ትራንስፈር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከዳላስ አንድ ኦፊሰር ይደውልላታል፣ ቁጥሩን ስለማታውቀው አታነሳም፣ የድምፅ መልእክቱንም እስካም ነው ብላ ታጠፋዋለች፣ ኦፊሰሩም ዘመድ አልተገኘም ብሎ ይጽፋል፣ ይኼው ነው በቃ፣ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ እነዚህን ሳምንታት የማታውቀውንም ስልክ ታንሳ። ቤትም መጥተው ያያሉ። አፓርትመንት ከሆነ ሊዙ ላይ ሌላ አዋቂ ሰው መጨመር ይቻል እንደሆነ ቀድማ ሊዚንግ ኦፊሱን ትጠይቅ፣ አንዳንዶቹ ባክግራውንድ ቼክ ስለሚያደርጉ አንተ ከደረስክ በኋላ አናስገባም ቢሉ ያስመዘገብከው አድራሻ ውሸት ይሆንብሃል። ባሏ ጠመንጃ ወይ ሽጉጥ ካለውም አሁን ይነገር፣ ቴክሳስ ውስጥ ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ የተለመደ ነው፣ ፕሮቤሽን ላይ ላለ ሰው ግን አንድ ጣሪያ ስር መሆኑ ራሱ ችግር ያመጣል። የኪራይ ውሏን፣ መታወቂያዋን፣ ከ180 ቀን በላይ እዚያ እንደኖረች የሚያሳይ የመብራት ወይ የውሃ ቢል አንድ ላይ አድርጋ ትጠብቅ።

አንተም እስኪፈቀድልህ ድረስ እዚህ ነህ። ለኢንተርቪው ወይ ቤት ለማየት ለጥቂት ቀን መሄድ ካስፈለገህ የጉዞ ፈቃድ ጠይቅ፣ መውጫና መመለሻ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጥሃል፣ ስልክህ ላይም ኪስህ ውስጥም ይኑር። ሌላ ስቴት ከ45 ቀን በላይ በተከታታይ መቆየት በኮምፓክቱ ሕግ ጉብኝት መሆኑ ቀርቶ መዛወር ነው የሚባለው፣ ያ ማለት ግን 44 ቀን ያለ ፈቃድ መቆየት ይቻላል ማለት አይደለም፣ አንድም ቀን ቢሆን ከኦፊሰርህ ፈቃድ ውጪ አትውጣ። ዌርሃውሱን ደግሞ የምጀምርበት ቀን ሊገፋ ይችላል ብለህ በግልጽ ንገራቸው።

ማመልከቻው ላይ ከምትፈርማቸው ወረቀቶች አንዱ ሜሪላንድ መልሱልኝ ካለች አልከራከርም፣ እመለሳለሁ የሚል ነው። ሁሉም የሚፈርመው ስለሆነ አትደንግጥ፣ ግን ምን እንደፈረምክ እወቅ። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ አያሳፍርም። ፍርድ ቤት ሳስተረጉም የማየው ነገር አለ፣ ሰው ዳኛው ፊት ለተነገረው ሁሉ የስ የስ ይላል፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ይሄ መስመር ምን ይላል ብሎ ይጠይቀኛል፣ መስመሩ ያለ ፈቃድ ከስቴት አትውጣ የሚለው ሆኖ ይገኛል፣ ግን ፈርሞበታል።

ቴክሳስ ከተቀበለችህ በኋላ አያያዝህ እንደማንኛውም የቴክሳስ ሰው ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደምትቀርብ፣ የሽንት ምርመራ መኖር አለመኖሩን፣ ቤት መቼ እንደሚመጡ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ተጨማሪ ግዴታም ሊጥሉብህ ይችላሉ። ርዝመቱ ግን የሜሪላንድ ነው፣ 18 ወሩ እንደ አዲስ አይጀምርም። የክትትል ክፍያ ቴክሳስ ልትጠይቅህ ትችላለች፣ ከተዛወርክ በኋላ ግን ሜሪላንድ ያንኑ ክፍያ ደግማ አትወስድም። ለተጎዳው ልጅ የምትከፍለው ካሳና የፍርድ ቤት ወጪ ካለ ግን አሁንም ለሜሪላንድ ነው፣ ቴክሳስ ስለከፈልኩ ያኛው አለቀ ብለህ እንዳታቆም። ማሪዋናም ሜሪላንድ ለአዋቂ ከ2023 ጀምሮ ተፈቅዷል ብለህ እንዳትታለል፣ ቴክሳስ ክልክል ነው። ጫት የምትቅም ከሆነም ተው፣ ለብዙዎቻችን ከቡና ጋር የሚቀመጥ ነገር ቢሆንም ውስጡ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ከከባዶቹ የተከለከሉ ዕፆች ጋር ነው የተመደበው። እዚያ ጥፋት ከተገኘብህ ቴክሳስ ለሜሪላንድ ትጽፋለች፣ ሜሪላንድ መልሱት ካለች ደግሞ እስኪወስዱህ በዋስ መውጣት የሚባል የለም።

ዝም ብለህ ብትሄድስ ምን ይመጣል? ኦፊሰርህ ቤትህ የለህም ብላ ትጽፋለች፣ ዳኛው ዋራንት (የመያዣ ትዕዛዝ) ያወጣል፣ የሆነ ቀን ዳላስ ላይ መብራትህ ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆምህ ስምህ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ሜሪላንድ እስክትወስድህ እዚያው እስር ቤት ነህ፣ ሥራውም ያን ቀን አለቀ። ሜሪላንድ ስትመለስ የሚጠብቅህ ፕሮቤሽን ጥሰሃል የሚል ክስ ነው፣ ሰከንድ ዲግሪ አሶልት ሚስዲሚነር ቢባልም ጣሪያው 10 ዓመት እስር መሆኑን አትርሳ። አምስት ወር በሥርዓት የሠራኸውን ለሁለት ወር ትዕግሥት ብለህ አታበላሸው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ላንግሊ ፓርክ፣ የምሠራው ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ፣ የተያዝኩት ደግሞ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ነው፣ ዲዩአይ (ጠጥቶ መንዳት)፣ የመጀመሪያዬ። ኮርቱ ጥፋተኛ ብሎ ፕሮቤሽንና የአልኮል ክላስ ሰጠኝ። አሁን የሦስቱንም ነው የማከብረው? ሪፖርት የማደርገውስ ለማነው?

መልስ፦ ያንተ ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ዲዩአይ ከላይ በተናገርኩት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ኮምፓክቱ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የሚመደብልህ ኦፊሰር አትጠብቅ። አለቃህ ያው የቨርጂኒያው ፍርድ ቤትና የአልኮል ፕሮግራሙ ነው፣ ሰዉ አሳፕ የሚለው። ከስቴት ውጪ ለሚኖር ሰው አሳፕ ክላሱን በሚኖርበት አካባቢ እንዲወስድ ሊፈቅድ ይችላል፣ ግን ፕሮግራሙን አስቀድመው ማጽደቅ አለባቸው። ቤትህ አጠገብ ያገኘኸው ክላስ ገብተህ ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ ይሄን አንቀበልም ቢሉህ ገንዘብህም ጊዜህም ጠፋ። ስትመዘገብ የምዝገባ ደብዳቤ፣ ስትጨርስ የማጠናቀቂያ ወረቀት ተቀበል፣ ቨርጂኒያ መድረሱንም ራስህ ደውለህ አረጋግጥ፣ ካልደረሰ አሳፕ ለፍርድ ቤቱ አልጨረሰም ብሎ ይጽፋል። አድራሻ ከቀየርክም ወዲያው አሳውቅ፣ መጥሪያው የድሮ ቤትህ ሄዶ አንተ ሳታውቅ ቀጠሮ ቢያልፍህ ዳኛው የሚያየው የቀረ ሰው ነው።

መንጃ ፈቃዱ የተለየ ጣጣ አለው። ቨርጂኒያ ላይ ለመጀመሪያ ጥፋት 12 ወር መንዳት ትከለከላለህ፣ በተገደበ ፈቃድ ለመንዳት ደግሞ ኢንተርሎክ (ትንፋሽህን መርምሮ ጠጥተህ ከሆነ መኪናው እንዳይነሳ የሚያደርግ መሣሪያ) መኪናህ ላይ ማስገጠም አለብህ። ቨርጂኒያ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድህን ራሷ አትሰርዝም፣ እዚያ የመንዳት መብትህን ነው የምታግደው፣ ነገር ግን ሁለቱ ስቴቶች መረጃ ስለሚለዋወጡ የሜሪላንዱ ኤምቪኤ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) የራሱን እርምጃ ሊወስድ ይችላል። ከኤምቪኤ ደብዳቤ ቢመጣ ይሄማ ቨርጂኒያ ላይ ያለቀ ነው ብለህ እንዳትጥለው፣ ለመከራከር የሚሰጥህ ቀን ውስጡ አለ።

ሥራህን በተመለከተ፣ ከሜሪላንድ ዲሲ መመላለሱ ራሱ ብዙ አያስጨንቅም፣ የፍርድ ወረቀትህን አንብበህ የጉዞ ገደብ መኖር አለመኖሩን አረጋግጥ። የሚያስጨንቀኝ ጋራዡ ነው። ኢንተርሎክ የሌለው መኪና እንዳትነዳ ከታዘዝክ የደንበኛ መኪና ከፎቅ ፎቅ ማንቀሳቀስ ራሱ ጥሰት ሊሆን ይችላል፣ ለአምስት ደቂቃ ነው አይባልም። ጠበቃህን ጠይቅ፣ እስከዚያው አለቃህን ካሸር ላይ መድበኝ በለው።

ሁለተኛ ጊዜው ሆኖ ዓመትና ከዚያ በላይ ክትትል የተፈረደበት ሰው ካለ ግን ወደ ኮምፓክቱ ይገባል። ሲፈረድበት ሜሪላንድ የሚኖር ስለሆነ 45 ቀን ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ቨርጂኒያ ቶሎ ትጠይቃለች፣ ሜሪላንድ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ የትና መቼ እንደሚቀርብ ትነግረዋለች። ያኔ ግን ለሥራ ወደ ዲሲ መሻገሩም በኦፊሰሩ ፈቃድ ይሆናል፣ ዲሲ ለብቻዋ ነው የምትቆጠረው።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሱቅ ላይ በተፈጠረ ነገር የስርቆት ክስ ቀርቦብኝ ጥፋቴን አምኜ ፒቢጄ (ጥፋተኛ የሚል ፍርድ ሳይመዘገብ የሚሰጥ ፕሮቤሽን) ተሰጠኝ፣ አንድ ዓመት ፕሮቤሽን። ጠበቃው ሪከርድ አይሆንብሽም ብሎኛል። አዲስ አበባ እናቴ ታማብኛለች፣ ሄጄ ላያት እፈልጋለሁ። ዜግነትም ልሞላ ነበር። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። መልሴ ደስ ባይልም እውነቱን ልንገርዎ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ሰው ያነጋግሩ።

አንደኛ ኦፊሰርዎን። ከሀገር ለመውጣት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ኦፊሰሯ ብቻዋን አትወስንም፣ ፍርድ ቤቱን በጠበቃ መጠየቅ ይመጣል። ከሐኪም ቤት የእናትዎን ሕመም የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛ ትርጉሙን ጨምረው፣ ከመመለሻ ቀኑ ጋር ቢያቀርቡ ይረዳዎታል።

ሁለተኛ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ የወንጀሉን ጠበቃ ሳይሆን። ፒቢጄ በሜሪላንድ ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ መፈረድ አይደለም፣ ጠበቃዎ ያልዎት በዚያ በኩል ልክ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የራሱ መለኪያ አለው፣ ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ቅጣት ወይ ነፃነቱን የሚገድብ ነገር ካዘዘ ጥፋተኛ እንደተባለ ነው የሚቆጥረው፣ ፕሮቤሽን ደግሞ ነፃነትን መገደብ ነው። በዚያ ላይ የስርቆት ክስ በኢሚግሬሽን በኩል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ኖሮበት ወጥቶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይና ሊጠየቅ ይችላል። ሁሉም ይመለሳል ወይ ሁሉም ይያዛል ልልዎት አልችልም፣ በክሱ ዓይነት፣ በቅጣቱ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩ ላይ የሚወሰን ነው፣ ለዚህ ነው የፍርድ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ፊት መቅረብ ያለብዎት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2010 በፓዲያ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የኢሚግሬሽኑን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፣ ስለዚህ ያኔ ምን ተብለው እንደነበር ለአዲሱ ጠበቃ በደንብ ያስረዱት፣ ሊጠቅም ይችላል።

ዜግነቱን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ሰው ፕሮቤሽን ላይ እያለ የዜግነት ማመልከቻው አይጸድቅም። አሁን ቢያስገቡት የማመልከቻ ገንዘብዎ ከመሄዱ ሌላ ፋይልዎን በማይመች ሰዓት ራስዎ ከፍተው መስጠት ነው። ፕሮቤሽኑ ይለቅ፣ መዝጊያ ወረቀቱን ከፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበትን ያውጡ፣ ከዚያ ያው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይቶት መቼ እንደሚሞላ ይንገርዎት።